ጉልበት ልጨምርላት ወይስ ይቅር?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት መኪናና ስለ አንድ አባወራ ነው። መኪናዋ የኔ ናት፤ አባወራውም እኔው ነኝ። «ስለ ሞተር የሚወራ ወሬ ለቤተሰብ መጽሔት ምን ይረባዋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ከሰማችሁኝ በኋላ ፍርዱን ለናንተው እተዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት የአረፋ በዓል ነሐሴ 5 ቀን ውሎ ነበር። እንደ ልማዳችን ደሴ እናቴ ዘንድ አክብረን፣ በአራተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ማልደን ተነሣን። መኪናችን ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ከፊት እኔና ባለቤቴ፣ ከኋላ ሦስቱ ልጆቻችን ተቀምጠናል። ጭነት ማድረጊያው ላይ ደግሞ እናቴ «ባዶ እጃችሁን አትሄዱም» ብላ ያስጫነችን ሁለት ኩንታል ጤፍ፣ ቅቤና ማር አለ።

በዚያ መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በጣልያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ዘንድ እስኪደርስ፣ መኪና ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ጉዞ ውስጥ ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱ ኩርባ በኩርባ ነው፤ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል። በክረምት ደግሞ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ አስፋልቱ ላይ ይተኛል።

ያን ቀን ከደብረ ሲና ወዲህ እስከ አፍንጫው የተጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገጠመን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሄድም። ጥቁር ጭሱን እየማግን ሦስት አራት ኩርባ ተከተልነው። ዙህር ሳያልፈን ደብረ ብርሃን እገባለሁ ብዬ አስቤ ነበርና ትዕግሥቴ አለቀ። ጉሙ ትንሽ ገለጥ ያለ ሲመስለኝ ማርሽ ቀንሼ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጬ ለመቅደም ወጣሁ።

መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልሄደችም። ከአይሱዙው ጎን ስንደርስ፣ እሱም እኔም እኩል እየሄድን፣ ከጉሙ ውስጥ ሁለት መብራት ብቅ አለ። አውቶቡስ ነበር። ወደ ፊት እንዳላልፍ ጉልበት የለኝም፤ ወደ ኋላ እንዳልመለስ ከኋላዬ ሌላ መኪና ቦታዬን ይዞታል። አላህ ይስጠውና የአይሱዙው ሾፌር ፍሬን ይዞ ቦታ ለቀቀልኝ። ወደ ቀኝ ስገባ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እያስጮኸ በጎናችን አለፈ። ትንሿ ልጄ «አባ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ባለቤቴ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ዝምታው ከበደኝና «ይህች መኪና እኮ ጉልበት የላትም» አልኩ። ልጆቹ ሰሙኝ። ማንም መልስ አልሰጠኝም።

የታሰረው ጉልበት

ታላቁ ልጄ ግን ነገሩን በልቡ ይዞት ነበር። የኮምፒውተር ተማሪ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቅ ድረስ መጣና፣

«አባ፣ የመኪናችን ጉልበት እኮ ታስሮ ነው ያለው፤ ያሰረው ደግሞ ፋብሪካው ነው። ላፕቶፕ ይዘው በግማሽ ሰዓት የሚፈቱ ልጆች አሉ። ሠላሳ ፈረስ ይጨምሩልናል» አለኝ።

እንዴት ሆኖ? አልኩት። ያስረዳኝን እኔም በተረዳሁት መጠን ላስረዳችሁ።

በድሮው የናፍጣ ሞተር ጉልበት መጨመር ሲያስፈልግ መካኒኩ ፖምፓው ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ያዞራት ነበር። ናፍጣው በዛ ብሎ ይገባል፤ መኪናው ይበረታል፤ ጭሱም ይጠቁራል። የዛሬው ሞተር ግን የሚታዘዘው በኮምፒውተር ነው። ይህ ኮምፒውተር የነዳጅ መስጫው ምን ያህል እንደ ተረገጠ፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ የሚገባው አየር ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ሙቀቱም ስንት እንደ ደረሰ እየለካ፣ ምን ያህል ናፍጣ፣ በየትኛው ቅጽበት፣ በምን ያህል ግፊት እንደሚረጭ ይወስናል። ለመወሰን የሚጠቀምበት ደግሞ በውስጡ የተጻፈ ሠንጠረዥ ነው። በልጅነታችን ከደብተራችን ጀርባ የነበረውን የማባዣ ሠንጠረዥ አስታውሱ። ከላይ አንድ ቁጥር፣ ከጎን አንድ ቁጥር፣ መገናኛቸው ላይ መልሱ። የሞተሩም እንዲሁ ነው። ሠንጠረዡን ባለሙያዎቹ «ማፕ» ይሉታል። ከክሩስኮቶው በታች ባለችው መሰኪያ በኩል ሠንጠረዡን ቀድቶ፣ ቁጥሮቹን ከፍ አድርጎ መልሶ መጻፍ ደግሞ «ሪማፕ» ይባላል። ብሎን አይፈታም፤ እጅ አይቆሽሽም።

ልጄ በዚህ አላበቃም። «የኛ ሞተር 102 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ ግን ፋብሪካው ራሱ ይህንኑ ባለ 2.5 ሊትር ሞተር በ120 ፈረስም፣ በ144 ፈረስም ሸጦታል። የአንድ እናት ልጆች ናቸው አባ! የኛዋ ብቻ ለምን ታንሳለች?» አለኝ። ያሳየኝ ወረቀትም እውነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ይታየኝ የነበረው ያ አውቶቡስ ነው። ሠላሳ ፈረስ ቢኖረኝ ኖሮ አልፌ ነበር እያልኩ አስባለሁ። የተጠየቅነው ዋጋ ከሁለት ጎማ መግዣ አይበልጥም። ለልጆች ነፍስ ይህ ምን ይበዛል? ብዬ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ ያዝኩ።

የሐጂ ጥያቄ

ባለቤቴ «ከመነካቷ በፊት ሐጂ ይዩዋት» ባትለኝ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሐጂ የምንላቸው መኪናዬን ለዓመታት ያዩልኝ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ሙያውን የጀመሩት «ኤንትሬ» የሚባሉት የፊያት የጭነት መኪናዎች አገሩን በሞሉበት ዘመን ነው። አዲስ ነገር የሚጠሉ ሰው ግን አይደሉም፤ ጋራዣቸው ውስጥ የኮምፒውተር መመርመሪያም አላቸው።

ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አዳመጡኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሠላሳውን ከመጨመርህ በፊት፣ መቶ ሁለቱን ትሰጥሃለች ወይ?»

መልስ አልነበረኝም። ኮፈኑን ከፈቱት። የአየር ፊልትሮው ሲወጣ እኔው ራሴ አፈርኩ፤ የወሎና የሸዋ አቧራ አብሮ ደድሮበታል። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ጎማ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሐጂ ሞተሩን አስነሥተው ነዳጅ ሲሰጡት ስንጥቁ «ፍስስ» እያለ ያፏጫል። ያን ፉጨት ለወራት እሰማው ነበር፤ የመኪናዋ ድምፅ መስሎኝ ነበር። የናፍጣው ፊልትሮ የሚቀየርበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ከሥሩ ሲከፍቱትም ውሃ ወጣው። ፍሪሲዮኑ ወደ ማለቁ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የኋላ ፍሬኑ ሸራ ነበር፤ ስስ ሆኖ ሊያልቅ ተቃርቧል።

ከነዚህ ሁሉ አንዱም የፋብሪካ ጥፋት አልነበረም። «ዛሬ ነገ» እያልኩ ያሳለፍኩት የኔው ስንፍና ነው።

«አየህ፣» አሉኝ ሐጂ፣ «ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ የሚሽከረከር፣ በሌላው ጫፉ ንጹሕ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ የሚልክ መዘውር ነው። ያንተ መኪና ያመቀችውን አየር በስንጥቁ ታፈሰዋለች። ልጆቹ ቢመጡ ናፍጣውን በኮምፒውተር ይጨምሩልሃል። ናፍጣ በዝቶ አየር ካነሰ ጥቁር ጭስ ነው ትርፉ። ጉልበት የሚመስልህ ነገር ሙቀት ይሆንና ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል። የታመመን ሰው ከማከም ይልቅ በጅራፍ ማስሮጥ ማለት ይህ ነው።»

ፋብሪካው ለምን አስቀረው?

ልጄ ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «እሺ ሐጂ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ጤነኛ ብትሆንስ? ያ የታሰረው ጉልበት እኮ አሁንም ታስሯል» አላቸው። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሱን በያለበት ስፈልግ ሰነበትኩ። ያገኘሁት ይህን ነው።

ሞተር የሚሠራው ነዳጅን በአየር በማቃጠል ነው። አየሩ ደግሞ ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ሢሶው ያህል ይጎድላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲወጣ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል።

ይህ ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ «ሊበርቲ» የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የተባለ፣ ከፍታው 4300 ሜትር የሆነ ተራራ ጫፍ ድረስ ወሰደው። ዝቅተኛው ቦታ ላይ 350 ፈረስ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ቱርቦ ሲገጠምለት ግን እዚያው ጫፍ ላይ 356 ሰጠ። ቱርቦ ለተራራ የተመቸ ነገር ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቱርቦው ይህን የሚያደርገው በነፃ አይደለም። ሳስቶ የመጣውን አየር ወደ ቀድሞው መጠኑ ለመመለስ ከወትሮው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። ባሕር ዳር ላይ ዘና ብሎ የሚሠራ ቱርቦ ጣርማ በር ላይ ጉልበቱን አሟጥጦ ነው የሚሠራው። ፋብሪካው «ያሰረው» ጉልበት እንግዲህ ተረስቶ የቀረ አይደለም። ለከፍታ፣ ለሙቀት፣ ለተጫነ መኪና፣ ለቆሸሸ ናፍጣ፣ እንደኔ ፊልትሮ መቀየር ለሚረሳ ባለቤትም የተቀመጠ ስንቅ ነው። ቆላ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ከስንቁ ቢበላለት ላይጎዳው ይችላል። የኛ መንገድ ግን ስንቁን አስቀድሞ ይበላዋል።

ሌላው ሙቀት ነው። የፒስተን ሥሪቱ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ነው። ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሲወጣ ግን ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ጋዝ ከ700 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፒስተኑ የማይቀልጠው ዘይቱና ውሃው ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚወስዱለት፣ ናፍጣውም በልክ ስለሚረጭ ነው። ልኩ ሲያልፍ ማምለጫው ይጠባል።

«የአንድ እናት ልጆች» የተባሉት ሞተሮችስ? እዚህ ላይ ነበር የኔና የልጄ ክርክር የተፈታው። ፋብሪካው 102ን ወደ 120 ሲያሳድግ ቁጥር ብቻ አልቀየረም። በቱርቦ የታመቀው አየር ስለሚሞቅ የሚያቀዘቅዘው ራዲያተር መሰል ዕቃ (ኢንተርኩለር) ጨመረበት። ወደ 144 ሲያደርሰው ደግሞ እንደ ሞተሩ ፍጥነት ክንፎቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ዓይነት ቱርቦ ሰጠው። ላፕቶፑ ግን ቁጥሩን እንጂ ዕቃውን አይሰጠንም። ልጄ ይህን ሲያነብ ዝም አለና «ልብሱን ሳይሰጡን ስሙን ብቻ ሊሰጡን ነዋ» አለ።

የባለቤቴ ጥያቄ

ቅዳሜ ደረሰ። ቀጠሮውን አልሰረዝኩም ነበር። መኪናዋ በሐጂ እጅ ታድሳ ወጥታለች፤ ጎማው፣ ፊልትሮዎቹ፣ የፍሬን ሸራው ተቀይረዋል። እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ያኔም በልቤ ሠላሳውን ፈረስ እመኝ ነበር። ጥቂቱን ብቻ፣ አሥራ አምስቱን እንኳ ባስጨምር ምን አለበት? እል ነበር።

ቁርስ ላይ ባለቤቴ ቡናዋን እየቀዳች ጠየቀችኝ። «ለመሆኑ ጉልበቱ ቢጨመርልህ ምን ልታደርግበት ነው?»

«እንዳለፈው እንዳይገጥመኝ ነዋ። ቶሎ አልፌ እገባለሁ።»

«ያኔ በጉም ውስጥ ወጣህ። ጉልበት ሲኖርህ በጉም አትወጣም ማለት ነው?»

አልመለስኩላትም። ልጄ ግን ወረቀትና ስክሪፕቶ አምጥቶ ማስላት ጀመረ። እናንተም አብራችሁን አስሉት። አይሱዙው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እኛ በ45 እንቀድመዋለን እንበል። ከኋላው ወጥቶ ከፊቱ ለመግባት ከእርሱ 35 ሜትር ያህል መብለጥ ያስፈልጋል። ይህ ከስምንት ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ እኛ 105 ሜትር እንሄዳለን፤ በ60 ኪሎ ሜትር የሚመጣው አውቶቡስ ደግሞ 140 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ወደ 245 ሜትር የሚያህል ባዶ መንገድ በዐይናችን ማየት ነበረብን። ጉልበት ተጨምሮልን በ55 ብንቀድመው ኖሮስ? አምስት ሰከንድ ይበቃናል፤ የሚያስፈልገን ባዶ መንገድም ወደ 160 ሜትር ይወርዳል።

«ያን ቀን ስንት ሜትር ይታይህ ነበር አባ?» አለኝ ልጄ።

ጉሙን አስታወስኩት። ኩርባውን አስታወስኩት። ሠላሳ ሜትር፣ ቢበዛ አርባ ቢሆን ነው። ሠላሳ ፈረስ ቀርቶ ሦስት መቶ ፈረስ ቢኖረኝም ያንን ጉም አይገልጥልኝም ነበር። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ያ ጉልበት ቢኖረኝ ኖሮ አይሱዙውን ሦስት ኩርባ ባልታገሥኩት፤ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነበር የምወጣው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጆቼ ሁሉ ተቀምጠዋል፤ ትንሿም አለች። ደብረ ብርሃን ላይ «መኪናዋ ጉልበት የላትም» ብዬ ያሳበብኩባት ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ስለ ነበር አወጣኋት። «ልጆቼ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም፤ የኔ ነበር። መንገዱ ሳይታየኝ ወጣሁ። አፉ በሉኝ» አልኳቸው። አባት ነኝና ቃሉ ከአፌ ለመውጣት ከብዶኝ ነበር። ትንሿ ልጄ ተነሥታ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

ቀጠሮውን ሰረዝኩ።

ማን ያውቃል?

ስሰርዝ የሪማፑ ባለሙያ ሊያግባባኝ ሞከረ። በጨዋ ደንብ ነው፤ አልወቅሰውም። «ጋሼ፣ ማንም አያውቅብዎትም እኮ፤ የቦሎ ምርመራ ሲደርስ የቀድሞውን እንመልስልዎታለን» አለኝ። እሱ እንደ ጥቅም የነገረኝ ይህ ነገር እኔን ይበልጥ አራቀኝ።

ከውጭ የማይታይ ለውጥ ብዙ ሰው ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቮልስዋገን ኩባንያ በናፍጣ መኪናዎቹ ኮምፒውተር ውስጥ የደበቀው ፕሮግራም ሲጋለጥ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። መኪናው በምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ይቀንሳል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ መልሶ ይለቀዋል። 11 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎች በዚህ ተነክተዋል። የኔዋ አንድ መኪና ከዚህ ጋር የምትነጻጸር አይደለችም፤ ነገር ግን ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ለመርማሪው አንድ ፊት፣ ለመንገዱ ሌላ ፊት።

የመድን ውሌን አውጥቼ ሳነብም በመኪናው ላይ የሚደረግ ለውጥ ለድርጅቱ መነገር እንዳለበት የሚገልጽ አንቀጽ አገኘሁ። አደጋ ቢደርስና ለውጡ ሳይነገር የቀረ መሆኑ ቢታወቅ፣ ካሳው የሚያከራክር ይሆናል። ካሳው ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም፤ የተጎዳው ሰው ቤተሰብም ይጠብቀዋል።

ሐጂ ያሉኝን ደግሞ አልረሳውም። «አንድ ቀን ትሸጣታለህ። ሞተሩ ሲቃጠል እንደ ኖረ ገዢው በምን ያውቃል? ትነግረዋለህ ወይስ ትሸሽገዋለህ?» አሉኝ። ነውርን ሸሽጎ መሸጥ በንግድ የኖርን ሙስሊሞች ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ስሸጥ የተበሳውን በኩል አዙሬ አላጣጥፍም። መኪናዬንስ ለምን?

ለወጣቶች አንድ ቃል

ይህን ስጽፍ «ሪማፕ ሁሉ ክፉ ነው» ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሙያው እውነተኛ ሙያ ነው። ጤነኛ የቱርቦ ሞተር ያለው፣ ጉልበቱንና የሚገባውን አየር ለክቶ፣ የቀድሞውን ሠንጠረዥ ቀድቶ አስቀምጦ፣ በጥቂቱ ብቻ ከፍ የሚያደርግ አዋቂ ያገኘ፣ ለመድን ድርጅቱም የነገረ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ከማስደረጉ በፊት ግን እንደኔ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ይጠይቅ፦ ፊልትሮዎቹ ንጹሕ ናቸውን? የቱርቦው ጎማ አልተሰነጠቀምን? የናፍጣ መርጫዎቹ ያንጠባጥባሉን? ፍሪሲዮኑ ተጨማሪውን ጉልበት ይችላልን? ከሁሉ በላይ፣ ፍሬኑና ጎማው ለአዲሱ ፍጥነት ይበቃሉን?

ቪትዝንና መሰሎቿን ለምትነዱ ደግሞ፦ ሞተራችሁ ቱርቦ ከሌለው ከላፕቶፕ የምታገኙት ጥቂት ነው፤ ከመቶ አምስት ወይም አሥር ቢሆን ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከዚያ ይበልጥ ወስዶባችኋል። ንጹሕ ፊልትሮ፣ ጥሩ ካንዴላና በልኩ የተነፋ ጎማ ይሻላችኋል።

ሞተር መጠበቅ ዛሬ ከያኔው ይበልጥ ዋጋ አለው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አቃጥለን ሌላ እናመጣለን ማለት ቀላል አይደለም።

ታሪኬን ልጨርስ። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ለዘመድ ሰርግ ደሴ ሄደን ነበር። ስንመለስ ከደብረ ሲና ጀምሮ መሪውን ለልጄ ሰጠሁት። መኪናዋ ጎማው ከተቀየረላት ወዲህ ሌላ ሆናለች፤ በሦስተኛ ማርሽ ተቸግራ ትወጣው የነበረውን አሁን ሳትጮህ ትወጣዋለች። መቶ ሁለቱ ፈረሶች ተመልሰዋል ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ከታች ያለው ቆላ ሁሉ ይታያል።

እንደ ልማዱ አንድ የተጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገጠመን። ልጄ ርቀቱን ጠብቆ ተከተለው። አንድ ኩርባ አለፍን፤ ሁለተኛውን አለፍን። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እግሬ ሳላውቀው ወለሉን ይረግጣል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን አለፍን። እሱ ዝም ብሎ ይነዳል። ከኋላ ትንሿ እህቱ «ለምን አትቀድመውም?» አለችው።

«ገና አላየሁም» አላት።

ዋሻው ዘንድ እስክንደርስ ድረስ ከአይሱዙው ኋላ ነበርን። ደብረ ብርሃን የደረስነው ካሰብነው ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይተን ነው። ዙህርን በሰዓቱ ሰግደን፣ ሻያችንን ጠጥተን ተነሣን።